በሩ ይንኳኳል ብዬ ያልተኛሁባቸው ዓመታት

ሙሉነሽ እባላለሁ፤ የላስታ ልጅ ነኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ አስረኛ ክፍል ጨርሼ አንድ ዓመት ሰለጠንኩና ከላሊበላ ከተማ በእግር ሦስት ሰዓት በምታስኬድ ቀበሌ ተመደብኩ። መጸዳጃ ቤት አስቆፍራለሁ፣ ሕፃናት እከትባለሁ፣ እርጉዞችን እከታተላለሁ። ከቤት ቤት እየዞርኩ ሰውን ስለ ጤናው የማስተምር ሴት የራሴን እንቅልፍ አጥቼ፣ ምክንያቱን ለማንም ሳልናገር ሁለት ዓመት ያህል ተሰቃየሁ። አሁን የምናገረው አንድም እንደኔ አፉን ዘግቶ የሚሰቃይ ሰው ካለ እንዲከፍተው ብዬ ነው፤ አንድም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በመውጣቴ ስለምኮራ ነው።

ድሮ እንቅልፋም ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ዳገት ስወጣ ቁልቁለት ስወርድ ውዬ፣ ማታ ጎኔ አልጋ ከነካ አለቀ። እናቴ "ሙሉ ከተኛች ቤቱ ቢፈርስ አትሰማም" እያለች በሰው ፊት ትስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ወርሃዊ ሪፖርት ለማስገባት ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወርጄ በጭቃ ስመለስ መሸብኝ። የምኖረው በጤና ኬላው ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ነው። ራቴን እንኳ በቅጡ ሳልበላ ተኛሁ። የነቃሁት ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ሲወድቅ ነው። ስከፍት አምስት ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። ቃሬዛው ላይ ወለላ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ተኝታለች፤ ምጥ ከጀመራት ቀን አልፏል። አየኋት፤ በእኔ አቅም የሚሆን ነገር አልነበረም። ሌሊቱን በችቦ እየተመራን ወደ ከተማ ይዘናት ወረድን። ወለላ ተረፈች። ልጁ ሞቶ ተወለደ።

ስንመለስ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ የባሏ ወንድም፣ ከጎኔ እየሄደ እንዲህ አለኝ፦ "ብንጠራሽ ብንጠራሽ አልሰማ አልሽን። ደክሞሽ ነው መቼም።"

በክፋት አላለውም። እንደውም አዝኖልኝ ነበር። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ነርስም ልጁ ከመንገዱ በፊት ሞቶ እንደነበር ነግራኛለች፤ "ብትሮጪም ብትበሪም አትደርሺበትም ነበር" ብላኛለች። የእሷን ነገር ጆሮዬ ሰማው፤ የሰውየው ግን ልቤ ውስጥ ገባ። ለካ እኔ ተኝቼ ነው ሰው ደጅ ቆሞ የሚጮኸው!

ከዚያ ጀምሮ ልብሴን ሳላወልቅ፣ ጫማዬን ካልጋዬ ሥር አዘጋጅቼ እጋደም ጀመር። ውሻ ሲጮህ እነሳለሁ። ቆርቆሮው ብርድ ሲመታው ሲንቋቋ ሰው ነው ብዬ በሩን እከፍታለሁ፤ ማንም የለም። መጀመሪያ ትጋት መሰለኝ። የሥራ ባልደረባዬ ጥሩዬ፣ ማዶ መንደር ከወላጆቿ ጋር የምትኖረው፣ ጠዋት ስትመጣ ኬላውን ጠርጌ ጨርሼ ስለምታገኘኝ "አንቺማ ትሸለሚያለሽ" ትለኝ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ነገሩ ከበር አልፎ ወደ አልጋው መጣ። ጀምበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር መምሸቱን እፈራለሁ። አልጋዬን ሳየው እንደ ጠላት ነበር የማየው። ሰውነቴ እየደከመ፣ ዓይኔ እየተቃጠለ፣ ልቤ ግን ቆሞ ይጠብቃል። በስንት መከራ ሊነጋጋ ሲል ሁለት ሦስት ሰዓት ሸለብ ያደርገኛል።

ባለቤቴ ሲሳይ አስተማሪ ነው፤ ያኔ ኮን በምትባል ከተማ ነበር የሚያስተምረው። በየአሥራ አምስት ቀኑ በጋሸና በኩል ላሊበላ ይገባና ከዚያ በእግሩ ይመጣል። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ እኔን የሚያገኘኝ በር ላይ ነው። ኮሽ ባለ ቁጥር እነሳለሁ፣ ኩራዝ አበራለሁ፣ እሱንም አላስተኛው። አንድ ቀን "እኔ እዚህ የምመጣው ከሚስቴ ጋር ላድር ነው ወይስ ከዘበኛ ጋር?" አለኝ። እየሳቀ ነበር። ሌላ ጊዜ ያንኑ ደገመው፤ ያኔ አልሳቀም።

ወደ ሐኪም መሄዴ አልቀረም። ከተማ ካለ የግል ክሊኒክ ደም ሰጠሁና "ታይፎይድና ታይፈስ አለብሽ" ተባልኩ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ እንቅልፉ አልመጣም። ሌላ ጊዜ "ጨጓራ ነው" ተባለ፤ ሽሮና በርበሬ ተውኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ደም ማነስ። ባለሙያዎቹን ብቻ አልወቅስም። ምንሽን ያምሻል ሲሉኝ ራሴን፣ ሆዴን እላለሁ። መተኛት ፈርቻለሁ አላልኩም። እንዴት ብዬ? የጤና ሠራተኛ አይደለሁም ወይ?

አባቴ የገጠር ቄስ ናቸው። ክሳቴን አይተው ጠበል ወሰዱኝ፤ ሱባኤ ገባሁ። የሚገርመው፣ ከሰባቱ ቀን አራቱን እንደ ልጅነቴ ተኛሁ። ከብዙ ሰው መካከል ነው የተኛሁት፣ ማንም በእኔ ስም በር አያንኳኳም። ያኔ ይኼ አልገባኝም፤ ዳንኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ኬላው በገባሁ በሁለተኛው ቀን ሁሉም ነገር እንደነበረው ሆነ። ለአባቴ እያፈርኩ "አባባ፣ ሐኪም ደግሞ ልሞክር?" ብላቸው "ልጄ፣ ጠበል የጠጣ ሐኪም ዘንድ አይሂድ የሚል እኔ አላነበብኩም። ሂጂ" አሉኝ። ስንቱ ሰው እንዲህ የሚለው አባት አጥቶ እንደሚጎዳ በሥራዬ አይቻለሁና እስከዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

እኔ ግን ሐኪም ዘንድ በመሄድ ፈንታ አቋራጭ ያዝኩ። የማውቀው የመድኃኒት መደብር ሠራተኛ ያለ ማዘዣ የእንቅልፍ ኪኒን ሰጠኝ። የመጀመሪያውን ሳምንት ተኛሁ። ምን ዓይነት እንቅልፍ መሰላችሁ! ከዚያ አንዱ አላስተኛ አለኝና ሁለት አደረግሁት። ጠዋት ስነሳ ራሴ ላይ ድንጋይ የተጫነብኝ ያህል ይከብደኛል። ሰው ሲያናግረኝ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚለው ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። ያለ ማዘዣ የሚወሰድ ኪኒን ክፉ ነው እያልኩ የማስተምረው እኔው ነበርኩ።

የክትባት ቀን መጣ። ከቅዳሴ በኋላ እናቶች ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ካለው የጽድ ጥላ ሥር ተሰልፈዋል። ጥሩዬ ካርድ ትጽፋለች፣ እኔ እወጋለሁ። አንዱን ሕፃን ጭኑ ላይ ወጋሁት፤ አለቀሰ፤ እናቱ አገላብጣ ታቀፈችው። እኔ ሌላ መርፌ ቀድቼ ዞርኩና የሕፃን ጭን ያዝኩ።

"ኧረ ዶክተሯ! አሁን ወጋሽው እኮ!" አለች እናቲቱ።

እጄ ቆመ። መርፌው ከቆዳው አንድ ጣት አይርቅም። ቀና ብዬ አየኋት። ከአንድ ደቂቃ በፊት ያነጋገርኳት ሴት ነች፤ ፊቷን አላስታወስኩትም።

ያቺን ሰዓት ሳስብ እስካሁን እደነግጣለሁ፤ ቀጥሎ ባደረግሁት ግን እኮራለሁ። መርፌውን አስቀመጥኩና ተነስቼ ቆምኩ። "እናቶች፣ ዛሬ እኔ ጤነኛ አይደለሁም። የምትከትበው ጥሩዬ ናት፤ እኔ እጽፋለሁ" አልኩ። ጥሩዬ ደንግጣ አየችኝ፤ ቦታ ተለዋወጥን። አንድም እናት ልጇን ይዛ አልሄደችም።

በማግስቱ የሆነውን ጽፌ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ሰጠሁት። አነበበውና "ምንም አልደረሰም እኮ። ለምን ትጽፊዋለሽ?" አለኝ።

"ስለሚደርስ ነው" አልኩት። "እንቅልፍ የለኝም። ኪኒን እየወሰድኩ ነው የምሠራው። አንድ ቀን ይደርሳል።"

የሪፈር ወረቀት አወጣ። ደሴ ያለ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ብሎ ጻፈልኝ። ፈቃድም ሰጠኝ።

ሲሳይ ፈቃድ ስላላገኘ ብቻዬን ነው የሄድኩት። ወልድያ አደርኩ፤ በማግስቱ ደሴ ገባሁ። የክፍሉ በር ላይ "የአእምሮ ሕክምና" ብሎ በትልቁ ተጽፏል። አግዳሚው ላይ ስቀመጥ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሸፈንኩ፤ የላሊበላ ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል ብዬ። ከጎኔ አንዲት አሮጊት ጎልማሳ ልጃቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ወረፋው ረጅም ነው። ረፋዱ ላይ ከቋጠሯቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "እኔም መጀመሪያ እንዳንቺ ተሸፍኜ ነበር። አሁን ልጄ ሥራ ገብቷል፤ ዛሬ የመጣነው መድኃኒቱን ልንወስድ ነው። ማንን ታፍሪያለሽ?"

ዳቦውን ለመብላት ነጠላዬን ማውረድ ነበረብኝ። አወረድኩት፤ መልሼም አልሸፈንኩ።

ያከመችኝ ሲስተር ዘሀራ የምትባል የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ራስሽን ያምሻል ወይ፣ ሆድሽን ያምሻል ወይ አላለችኝም። "እንቅልፍ እምቢ ያለሽን የመጀመሪያውን ቀን ንገሪኝ" አለችኝ። ስለ ወለላ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ባሏ ወንድም ነገርኳት። ሁለት ዓመት ለማንም ያላወጣሁት ነበር። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ተኝቶ አለመስማት ጥፋት ነው ብለሽ ፈርደሽ፣ እንቅልፍን ራስሽ ከልክለሻል" አለችኝ። "አሁን ደግሞ ሰውነትሽ ለምዶታል። አልጋ ሲያይ የዘብ ተራው የደረሰ ይመስለዋል። ኪኒን ይህን አያስረሳውም። እንደገና ማስተማር ነው ያለብን። ማስተማርማ ሥራሽ ነው!"

ከዚያ በወረቀት ጻፈችልኝ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በፊት አልጋ ላይ አልወጣም። ተኛሁም አልተኛሁም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እነሳለሁ፤ እሑድም፣ በዓልም ቢሆን። እንቅልፍ እምቢ ካለኝ አልጋው ላይ እየተገላበጥኩ አልቆይም፤ ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔ ሲከብድ እመለሳለሁ። ቀን አልተኛም። ከቀትር በኋላ ቡና የለም። ኪኒኑን ግን ባንዴ ማቆም አደገኛ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ እየቀነስኩ፣ ሩብ እስኪሆን፣ ከዚያም እስኪያልቅ፣ እሷም በቀጠሮ እያየችኝ እተወዋለሁ። እዚህ ላይ ደግሜ እላለሁ፦ እንዲህ ያለ ኪኒን የያዘ ሰው በገዛ እጁ በድንገት አይተወው፤ ባለሙያ ያማክር።

ልሄድ ስነሳ "አንድ ነገር ደግሞ አስቢበት" አለችኝ። "ያን በር ብቻሽን የምትጠብቂው ለምንድን ነው?"

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሽታው የባሱ ነበሩ። እንቅልፍ ያጣ ሰው አትተኛ ሲባል ያብዳል። ደግነቱ የትምህርት እረፍት ስለነበር ሲሳይ መጥቶ አብሮኝ ሰነበተ። ማታ ማታ ምስር እንለቅማለን። ተቀምጬ ስንገላጀጅ "ገና ነው፣ አራት ተኩል ነው" ይለኛል። ሲነጋጋ ደግሞ ብርድ ልብሱን ይገፍፍና "ተነሽ! የዘሀራ ሰዓት ደረሰ!" ይላል። አንድ ንጋት ላይ አምርሬ ሰደብኩት። ጫማዬን አቀበለኝና ጤዛውን እየረገጥን እስከ ምንጩ ሄድን። ያ ሰው የሰማውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ጎረቤቴ እትዬ ድንቄ ደግሞ ከቀትር በኋላ ቡናዋን ስመልስባት ተቀየመች። "ምነው፣ ናቅሽን?" አለች። ቁጭ ብዬ ሕመሜን ነገርኳት። በማግስቱ ማታ አብሽ በማር በጥብጣ ይዛልኝ መጣች፤ ከዚያ በኋላ ልማድ አደረገችው።

ስለ በሩም አሰብኩ። ከጥሩዬ ጋር ተመካከርን፣ ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገርነው፣ ሰው ተሰበሰበ። ሌሊት ሰው የሚጠራው አንድ ሳምንት እኔን፣ አንድ ሳምንት ጥሩዬን እንዲሆን ተስማማን። የእርጉዞቹን ስም ከነመውለጃ ወራቸው ጽፈን ሕመምተኛ ለሚሸከመው የቃሬዛ ማኅበር ሰጠን። ወራቸው የገባ እናቶች ከተማ ዘመድ ካላቸው ቀደም ብለው እንዲወርዱ፣ የሌላቸው ደግሞ ምጡ ሳይጠና ጉዞ እንዲጀምሩ ተነጋገርን። በእኔ ሕመም ምክንያት የተጀመረ ሥራ እናቶችን ጠቀመ። ከዚያ ወዲህ ወደ ጤና ጣቢያ በሰዓቱ ያልደረሰች እናት ከእኛ ቀበሌ አልነበረችም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በወለላ ደጅ ሳላልፍ ጠመዝማዛውን መንገድ ነበር የምሄደው። አንድ ቅዳሜ በሯ ላይ ሄድኩ። ገብስ ታሰጣለች። ሰላም ካልኳት በኋላ ቆሜ ቀረሁ።

"ወለላ፣ ያን ለት ተኝቼ ነበር። ቶሎ አልሰማሁም። ይቅር በይኝ" አልኳት።

እጇን ከገብሱ ላይ አንስታ አየችኝ።

"አንቺ ነሽ ይቅርታ የምትጠይቂኝ?" አለች። "ምጡ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጁ እንደ ወትሮው አልተንቀሳቀሰም። አውቄዋለሁ። አማቴ ይሰማሉ ብዬ፣ መጥፎ አፍ ይሆንብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ላንቺ እንኳ አልነገርኩሽም። እኔ እኮ ዶክተሯ በደጄ የማታልፈው አውቃብኝ ነው እል ነበር።"

ገብሱ አጠገብ ተቀመጥን። እሷም ሌሊቱን እንደኔ ስትገላበጥ ነው የኖረችው፤ እኔ በእኔ፣ እሷ በእሷ። ማናችንም ጥፋተኛ አልነበርንም። ያን ቅዳሜ እንደገና እርጉዝ ነበረች፣ ሦስት ወሯ ነው፤ ለማንም አልተናገረችም። እዚያው ስሟን መዝገቤ ላይ አሰፈርኩ። ልጁን ከተማ ወልዳ ስትመለስ ስሙን እንዳወጣለት ጠየቀችኝ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እንቅልፍ ማጣቱ ጉልበት አጣ። የመኝታ ሰዓቴ በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ተጨመረልኝ፤ ኪኒኑ አለቀ። አንድ ቀን ሲሳይ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲቀሰቅሰኝ ልብሴን አውልቄ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ እያንኮራፋሁ አገኘኝ። በዚያ ዘመን የጤና ፓኬጁን ለፈጸሙ አባወራዎች የሞዴል ቤተሰብ የምስክር ወረቀት እንሰጥ ነበር። እሱ ከትምህርት ቤቱ ወረቀት አምጥቶ በቀይ ብዕር "ሞዴል እንቅልፋም" ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት፤ ለምን እንደሆነ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ።

ፈጽሞ ተመልሶ አልመጣም ብዬ አልዋሽም። አባቴ የታመሙ ጊዜ፣ ዘመቻ የበዛበት ወቅት፣ ሦስት አራት ሌሊት እንቅልፍ ያመልጠኛል። ያኔ አልሯሯጥም፣ ኪኒንም አልፈልግም። ወደ ሰዓቴ እመለሳለሁ፤ እንቅልፉም ይመለሳል።

በመጨረሻ በወረዳ ስብሰባ ላይ የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ስለ ክትባት ሽፋን ሪፖርት አቅርቢ ተባልኩ። ቁጥሩን ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን አጠፍኩና ልጁን ሁለት ጊዜ ልወጋ የነበረበትን ቀን ከነምክንያቱ ተናገርኩ። አንዳንዱ አቀረቀረ። ጥሩዬ ከኋላ ሆና ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ሰብሳቢው ሽበታም፣ ቁጡ ሰው ናቸው፤ በስብሰባ ላይ ያንቀላፋን ሰው አስነስተው ያቆማሉ። ወዲያው ቀጣዩን ተናጋሪ ጠሩ። ነገር አበላሸሁ ብዬ ቁጭ አልኩ።

ለምሳ ስንወጣ ከኋላዬ ደረሱብኝ። ሰው እስኪያልፍ ጠበቁ። በቅርብ ሳያቸው ዓይናቸው ሥር ጠቁሯል።

"ያቺ ነርስ የሰጠችሽ ወረቀት፣ የምትገለበጥ ናት?" አሉኝ።

"በቃሌ አውቀዋለሁ። ለማን ነበር?"

ወዲያ ወዲህ አዩ። "ለእኔ" አሉ። "እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ዓመቴ ነው።"

ኪሳቸው ከነበረች ማስታወሻ ደብተር ቅጠል ገንጥለው ብዕር አወጡ። "ዛሬ ማታ ስንት ሰዓት ልተኛ?"

"ከማታው አይጀምሩ" አልኳቸው። "ከነገ ጠዋት ይጀምሩ። እንቅልፍ ባይወስድዎትም እንኳ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሱ።"

አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስነሱት የሚያስቀምጡት ሰው ግድግዳው ላይ ወረቀታቸውን አስደግፈው እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ጻፉ።